በጋቢ የተጠቀለለ ፈርስ

መኖ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ብዕርና መዝገብ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ደርግ ወድቆ እሠራበት የነበረው መጋዘን ሲዘጋ፣ አብነት አካባቢ ሐጂ ነስሩ ሱቅ ተቀጠርኩ። ሐጂ ግን ወደ ፍሩሽካው ጆንያ አመለከቱኝ።

«እጅሽን እስከ ክርንሽ አስገቢ።»

አስገባሁ።

«ይሞቃል?»

«ትንሽ ይሞቃል።»

«እንግዲያው መበላሸት ጀምሯል፣ እንዳትሸጪው። መዝገቡ ነገ ይደርሳል።»

በዚህ ዓይነት ሥራውን ለመድኩ። ኑግ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ በመዶሻ መስበር፣ ሻጋታውን አሽትቶ መለየት፣ ጆንያ መስፋት። ደንበኞቻችን በግቢያቸው አንድ ሁለት ላም የሚያረቡ የከተማ ሰዎች ነበሩ።

ከእነሱ አንዷ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ቤታቸው ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ሻሼ የምትባል አንድ ላም ነበረቻቸው። ሁለት ልጆች የሚያስተምሩት በእሷ ወተት ነበር።

በሁዳዴ ጾም ወተት ገዢ የለውም። እትዬ ዘነበችም እንደ ሌሎቹ መኖ ቀንሰው ለሻሼ ድርቆሽ ብቻ ይሰጧት ነበር። ፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሱቅ መጡ።

«ወተት ቶሎ የሚያወርድ ነገር ስጪኝ እስቲ። ለበዓሉ ሰው ከወዲሁ አዞኛል።»

የበቆሎ ዱቄት ሸጥኩላቸው። ሐጂ ዘወትር «አዲሱን መኖ ከድሮው ጋር እየቀላቀሉ በትንሽ በትንሹ እንዲያስለምዱ ንገሪያቸው» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ገበያተኛ ተደራርቦብኝ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ነጠላቸው ተንሸራቶ ሱቅ ገቡ።

«ሻሼ መብላት ትታለች፤ አታመሰኳም። ምንድን ነው የሸጥሽልኝ?»

ሐጂን አስፈቅጄ ተከተልኳቸው። ተስፉንም ጠራነው። ማዕረጉ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለዋል። ተስፉ የሻሼን ግራ ጎን በቡጢው ጫን ብሎ ሰዓቱን እያየ ቆየ። የጤነኛ ላም ጨጓራ በደቂቃ አንዴ ሁለቴ እጅን ይገፋል። የሻሼ አልተንቀሳቀሰም። እበቷ ውሃ ሆኗል፤ ይኮመጥጣል።

«ዱቄቱን ስንት ሰጧት?» አላቸው።

«እስክትጠግብ ነዋ! ለበዓል አይደል?»

ቢካርቦኔት በውሃ በጥብጦ በላስቲክ ቱቦ አጠጣት። በማግሥቱ ሲያያት የእበቷ መኮምጠጥ ቀንሷል፤ ጨጓራዋ ግን አሁንም ዝም ብሏል። እንዲህ ከቆየች እንደምትሞት ነገረን።

«ሣሩን የምትፈጨው ብቻዋን አይደለችም» አለ። «ሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ዱቄቱ በአንዴ ሲገባ አሲድ የሚያመርቱት በዙ፣ ሣር የሚፈጩት አለቁ።»

«ትል ነው የምትለኝ?»

«ትል አይደለም፣ እትዬ። እርሾ በሉት። እርሾዎ ሲበላሽ ከጎረቤት ይዋሱ የለም? ለሻሼም ከጤነኛ ከብት እንዋስላት። አሁን የታረደ በሬ ፈርስ ያስፈልገኛል፤ ሳይቀዘቅዝ።»

«እኔ አመጣለሁ» አልኩ።

ቄራ ሄድኩ። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ በክርስቲያኑ በኩል ዕርድ የለም፤ በእስላሙ በኩል ገባሁ። ጎማ ቦቲ ያደረገ ሠራተኛ የምፈልገውን ስነግረው ሳቀ።

«ሰው ምላስ ሰንበር ይለምናል፣ አንቺ ፈርስ!»

ቢሆንም ከጨጓራው እየጨመቀ በሻሽ አጥልሎ ጀሪካኑን ሞላልኝ። እንዳይቀዘቅዝ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ታክሲ ውስጥ ሽታው ወጣ። ወያላው መስኮት ከፈተ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ይሄ መድኃኒት ሞቷል፣ ይቀበር!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ጀሪካኑን እየዳሰስኩ ነበር። ገና ይሞቃል።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁኝ።

«ከየትኛው ዕርድ ነው?»

«ከእስላም ነው። ሕማማት እኮ ነው።»

ጀሪካኑን አዩት። እኛ የእነሱን ዕርድ አንበላም፤ እነሱም የእኛን። እትዬ ዘነበች ደግሞ ጾማቸውን የሚያጠብቁ ሴት ነበሩ። ተስፉ ቱቦውን ይዞ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ሻሼ መቼ ነው ክርስትና የተነሳችው?»

«አንተ ደሞ! አፍህ አይከደንም?»

ጋቢውን በእጃቸው ነኩት። ሙቀቱ እየለቀቀ ነበር።

«እርሾ ከጎረቤቴ ከዘይነባ ቤት ስወስድ ስንት ዘመኔ» አሉ። «አጠጣት።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ሄድኩ። ሻሼ ተኝታ ታመሰኳ ነበር። እትዬ ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንጋጋዋን ያያሉ። ለበዓሉ የታዘዘው ወተት ግን እንደማይደርስ ታወቀ።

«እትዬ ዘነበች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በትንሽ በትንሹ ያስለምዷት ማለት ነበረብኝ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከላሟ ሳያነሱ። «ባይሆን ኖሮ ጋቢሽን ታበላሺ ነበር?»

ከዚያ በኋላም ደንበኛችን ሆነው ቆዩ። እኔም ሥራ እስካቆም ድረስ፣ ሱቁ ቢጨናነቅም፣ አዲስ መኖ የገዛን ሰው ሳልነግር አላሰናበትኩም። በላም ሆድ ያሉት ተሕዋስያን አዲስ መኖ እስኪለምዱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። ይህን መናገር የሻጩ ሥራ ነው።