ይርጌ ለአባታችን የሰጠችው ቅቤ

አደስ የገባበት የለጋ ቅቤ ሽታ ባልጠበቅኩት ቦታ ይመጣብኛል። በቀደም ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች የገጠር ሴት ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገለጥ ስታደርግ፣ አጠገቤ ያለችው ወጣት አፍንጫዋን ያዝ አደረገች፤ እኔ አሮጊቷ ግን አንገቴን አስግጌ መንገዱን ሁሉ ሽታውን ስስበው ሄድኩ። «ምነው እማማ፣ አመመዎት?» ብትለኝ «ኧረ ደህና ነኝ፤ እህቴ ሸተተችኝ» አልኳት። ያ ሽታ ለእኔ የታላቅ እህቴ የይርገዱ ግንባር ነው። እኛ ይርጌ እንላት ነበር።

ቤታችን ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ነበር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ሳለ፣ የይርጌ ፊት በብጉር ተወረረ። ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ አገጯ ሳይቀር ቀልቶ አበጠ። የታጨችው ለጉንደ ወይን ሰው ልጅ ነበር፤ ሠርጓም ለጥር ተቆርጧል። እናታችን ጭንቅ ጥብብ ብሏት ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር በርጩማ ላይ እያስቀመጠች ፊቷን ለብ ባለ ውኃ ታጥብና፣ እሬት ቆርጣ ታሽላትና፣ ከዚያ ቅቤውን አንስታ ከአናቷ ጀምራ እስከ አገጯ ትለቀልቃት ነበር። «ደርቆ ነው፤ ፊቷ ቅቤ ጠምቶታል» ትላለች። ብጉሩ ሲብስ ቅቤው ይጨመራል፤ ቅቤው ሲጨመር ብጉሩ ይብሳል። ማን ልብ ይበል! ይርጌ እሳት ዳር ስትቀመጥ ቅቤው በግንባሯ እየወረደ ቅንድቧ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እኔም በጣቴ እየጠረግኩ ጸጉሬን እቀባበት ነበር።

አባታችን ግን ከእርሻ ሲመለስ «እስቲ ወደ ብርሃን ዞር በይ» ይላትና አገጯን ይዞ ልክ እንደ ቡቃያ አንድ በአንድ ያያት ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያያት ዓይኑን ይሰብራል፤ እሱ ግን አይሰብርም። «ይች ልጅ ዘንድሮ ከእኔ ማሳ ይልቅ እሷ አብቅላለች» ሲል እሷም እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወሬው ወንዝ ወረደ። ውኃ ስንቀዳ አንዲቱ ለሌላዋ «ብጉር አይደለም አሉ፤ ክፉ ደዌ ነው» ስትል በጆሯችን ሰማን። ይርጌ እንስራዋን ግማሽ እንኳ ሳትሞላ ተመለሰች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ከጓዳ አልወጣም አለች። ወሬው ጉንደ ወይን ከደረሰ ማጨቱ እንደሚፈርስ፣ በደዌ ስሟ የተነሣ ልጅም ሌላ ጠያቂ እንደማይመጣላት ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንጀቴን ትበላኝ ነበር እህቴ።

በዚያው ሰሞን ጣሊያን መሣሪያ አስረክቡ አለ። አባታችን «እጄን ቁረጡ እንጂ» ብሎ ጠመንጃውን አንግቦ ዱር ቤቴ አለ። በማግስቱ ወታደሮች መጥተው ከሦስቱ ላሞቻችን ሁለቱን ነድተው ወሰዱ። የቀረችው አንዲቱ ነበረች፤ ከእሷ የሚገኘውን እናታችን ጠብ ጠብ እያደረገች አጠራቅማ እስከ ኅዳር አንዲት ትንሽ ቅል ቅቤ ሞላች። ያች ቅል የይርጌ ነበረች። አማቶቿ ከገና በኋላ ሊያዩአት ይመጣሉ ተብሎ ስለ ነበር፣ ቅቤው ከዚያ በፊት ፊቷን እንዲያድንላት ተስፋችንን ሁሉ እሱ ላይ ጥለን ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን መጡና፣ በሩን ዘግተው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ዱር ካሉት ጋር የሚመላለሱት እሳቸው ነበሩ።

«ባልሽ ደህና ነው» አሏት እናቴን። «ግን እግሩ ተሰነጣጥቆ መራመድ አቅቶታል። ጠመንጃውም ዝጎበታል። ቅቤ ካለ ላኩልኝ ብሏል።»

እናቴ «አባ፣ ያለው እኮ...» ብላ ቀረች። እኔ ቅሏን አየሁ፤ እናቴ ይርጌን አየች።

ይርጌ ተነሣች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደችና ቅሏን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «ለአባዬ ይስጡልኝ። እግሩ ከያዘው ጣሊያኖቹ ይደርሱበታል» አለች። «እኔን የማይፈልገኝ ይቅርብኝ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ጓዳ ገብታ እዬዬዋን አቀለጠችው። ፊቷን የሰጠች ነበር የመሰላት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ እናታችንም እኛን እያባበለች አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የተናጠው ሁሉ ወደ ዱር ይሄድ ነበር፤ ኋላም ላሟ ነጠፈች። ለይርጌ የቀራት ውኃ ብቻ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ፊቷን ትታጠባለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለች፣ በቃ። ጸጉሯ ደርቆ ተንጨባረረ። ታኅሣሥ ሲጋመስ አንድ ጠዋት እናታችን ድንገት እጇን ያዘችና «እስቲ ወደ ብርሃን ዞር በይ» አለቻት። እብጠቱ ሟሽሾ፣ ቅላቱ ከስሞ፣ ጠባሳው ብቻ እዚህም እዚያም ቀርቶ ነበር። «ወይኔ እመቤቴ!» ብላ እናቴ መሬት ሳመች። «ለአባቷ የሰጠችውን አምላክ በፊቷ ላይ ከፈላት!»

ከገና በኋላ አማትየዋ መጡ። ይርጌን አጠገባቸው አስቀምጠው በግራም በቀኝም አገላብጠው አዩአትና «ታማለች ያለው ማን ነው? እሱ ራሱ ዓይኑን ይታከም!» አሉ። እኔ ከደስታ ብዛት ደጅ ወጥቼ ዘለልኩ። በጥርም ጣሊያን እንዳይሰማ ያለ ከበሮ፣ እልል ሳይባል፣ ሳያስነቁ ወሰዷት።

አባታችን የተመለሰው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ይርጌ ልጅ አዝላ ከጉንደ ወይን ስትመጣ በዓይኑ እንባ ሞልቶ አገጯን ያዘና ብዙ አያት። «ለእግሬ የላክሽው ቅቤ ዞሮ ፊትሽ ላይ ወጣ አይደል!» አላት።

ዘንድሮ የልጄ ልጅ ብጉር አወጣችና ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ቅባት ነገር ጸጉሯን እንዳትቀባ፣ ወደ ግንባር ወርዶ ቆዳውን እንደሚደፍን፣ ፊቷንም በቀን ሁለቴ ብቻ እንድትታጠብ፣ ብጉሩንም እንዳታፈርጠው መከረቻት። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ክረምት እህቴን ያሳመማት የእናታችን ፍቅር ነበር ለካ። ልጆቹ ዛሬ ሳሙናው ተመርጦላቸው፣ ምክንያቱ ተነግሯቸው ይድናሉ፤ እኛ የምናውቀው ያለንን መቀባት ብቻ ነበር።

ወሬውን ልነግራት ቸኩዬ ከልጅቷ ጋር ደብረ ማርቆስ ይርጌ ዘንድ ሄድን። ዓይኗ ደክሟል፤ ልጅቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ በጣቷ እየዳበሰች አየቻት።

«እርስዎም ነበረብዎት አሉ፤ ምን ተቀብተው ዳኑ?» ብላ ጠየቀቻት ልጅቷ።

«ምንም» አለች ይርጌ ፈገግ ብላ። «ቅቤዬን ለአባቴ ሰጠሁ።»

ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። የነርሷ ቃል ምላሴ ላይ ነበረ።

«ልክ ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አልኳት።