የሥርጉት ሁለት ሰንበት

ሥርጉት በስልክ «ሰንበትን አልችልም፤ ክርስትና አለብኝ» ብላ ነበር። የጉባኤው ፕሮግራም አውጪ ያሲርም «ይዣለሁ» አላት። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሥርጉት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። እንጦጦ ማርያም ሥር፣ መሪጌታ ቤት አደገች፤ አሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትኖራለች። እኔና እሷ በጥንድ ነው የምንሠራው፤ የአንዳችን እጅ ሲዝል ሌላው ይቀበላል። ያን ሰሞን ሲግናል አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ ሳምንት ሙሉ በሚቆይ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ነበርን። መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎች ከፊት ተቀምጠው ከሰኞ ጀምሮ ዓይናቸውን ከእጃችን አልነቀሉም።

ዓርብ ከሰዓት ያሲር የቅዳሜና እሑድን ፕሮግራም አመጣ። በሳምንቱ ያልተዳረሰው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ታጭቋል። የሻይ ዕረፍት እንኳ የለም።

«ያሲር! ሰንበት አልችልም አላልኩህም?»

«እሑድን ላንቺው ብዬ ባዶ አድርጌዋለሁ፣ እይው!»

«ቅዳሜስ? እኛ ቤት ሰንበት ሲባል ሁለቱም ነው። ነገ ጥምቀቱ፣ እሑድ ድግሱ።»

«ሁለት ሰንበት አላችሁ?» ያሲር ራሱን ያዘ። «እኛ ያለችን አንድ ጁምዓ፤ እሷንም ዛሬ ከምሳ ሰዓት ሰርቄ ነው የሰገድኳት!»

ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ክርስትና የምታነሳው የጓደኛዋን የእየሩስን ልጅ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ቀኑ አይገፋም። እናትየው እየሩስ ደግሞ አትሰማም። ሥርጉት ከሌለች፣ የገዛ ልጇ የክርስትና ስም ሲወጣ ዝም ብላ የሰው አፍ ልታይ ነው።

«ሂጂ፣ ጠዋቱን ብቻዬን እይዘዋለሁ» አልኳት።

«ብቻህን? እጅህ ሁለተኛው ንግግር ላይ ምን እንደሚሆን የማላውቅ መሰለህ? ግማሽ ትርጉም አላቀርብላቸውም። እነሱኑ እንጠይቅ።»

ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ ሠረቀብርሃን የሚባለው ባለሙያ፣ በእጁ መለሰላት። እኔ ለያሲር በድምፅ ተረጎምኩ፦ «ሌላው ሲደክመው ጣሪያ እያየ ያዳምጣል። እኛ ዓይናችንን ከከደንን ንግግሩ አመለጠን። ሳምንቱን ሙሉ አፍጥጠናል። ለነገ ጠዋት ይህን ሁሉ የጫንከው፣ ማን ያየዋል ብለህ ነው?»

ያሲር እስኪብርቶውን አወጣ። ዋና ዋናዎቹን ንግግሮች ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ገፋ፤ የቀሩት በጽሑፍ እንዲታደሉ አደረገ። ጠዋቱን ለዕረፍት ለቀቀው።

«ከሰዓቱን እኔው አለሁ» አለችው ሥርጉት።

ለውጡ በማይክ ሲነገር አዳራሹ አጨበጨበ። ለካ የሚሰማውም ደክሞታል!

በማግስቱ እኔም አብሬያት እንጦጦ ወጣሁ። ሥርጉት ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። ካህኑ ስሟን ሲጠሩ እየሩስ ወደ ሥርጉት ዞረች። የሥርጉት ሁለት እጆች ግን ተይዘዋል። አላመነታችም፤ ሕፃኗን ወደ ግራ ክንዷ አሻገረችና በቀኝ እጇ ፊደል በፊደል አሳየቻት፦ ፍቅርተ ማርያም። እየሩስ በራሷ እጅ ደገመችው፤ አሁንም ደገመችው። ካህኑም ነገሩ ገባቸውና እስክትጠግበው ጠበቁ። እንዲህ ያለች የሥራ ባልደረባ ስላለችኝ ያን ጠዋት ደረቴ ተነፋ።

ከሰዓት በኋላ ሥርጉት መድረኩ ጎን ስትቆም እጇ ያረፈ፣ የሰኞ ጠዋት እጅ ነበር። ሠረቀብርሃን ወደ እኔ ዞረና በምልክት እንዲህ አለኝ፦

«አንተም አልፎ አልፎ ክርስትና አንሳ እንጂ፣ ዓይናችን ይረፍ!»