አጎቴ ከበረዶ ውስጥ የወጣበት ታሪክ

ልጅ ሳለሁ ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን የስዊድን ክረምት የሚታወቀኝ በሽንኩርት ሽታ ነበር። አጎቴ ግርማ ከትምህርት ቤት ይዞኝ ሲመጣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ውጭው ይጨልማል፤ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሥራ ስለነበራት ቤቱ የሁለታችን ነው። ካፖርቱን እንደሰቀለ መጀመሪያ የሚያደርገው የጣሪያውን መብራት ማጥፋት ነው። ከምድጃው በላይ ያለችው ትንሽ መብራትና መስኮቱ ላይ የምናበራቸው ሻማዎች ይበቁናል። «በደማቅ መብራት ሱጎም ተረትም አይጥምም» ይለኝ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ጣልያንና ሆላንድ ኖሯል፤ ምግቡም ተረቱም ከእነዚያ ሁለት አገሮች የመጣ ነበር። ላዛኛ የሚሠራ ቀን የሲኞራ ፒያ ታሪክ ይወራል። ጣልያን አገር ምግብ ቤት ያላት፣ አንድ እግሯን የምትጎትት ባልቴት ናት፤ ሳህን እንዲያጥብ ቀጠረችው፣ ምግብ መሥራትም አስተማረችው። ሱጎው ቶሎ እንዲደርስለት እሳቱን ሲጨምር በእንጨት ማንኪያ ጣቱን ትመታዋለች። «ቀስ! ሥጋው ከቲማቲሙ ጋር ገና አልተዋወቀም!» እያለ በእሷ ድምፅ ሲያወራ፣ ድስቱ ውስጥ የሚንተከተከው ሱጎ መልስ የሚሰጣት ይመስለኝ ነበር ያኔ።

ድንች የሚቀቀልበት ቀን ግን የሆላንዱ ነው፤ እኔም አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። ስታምፖት ይሉታል። ድንቹ ከጎመን ጋር ይደፈጠጣል፤ በጭስ የበሰለ ወፍራም ቋሊማ ከላዩ ይጋደማል፤ መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርገው የሥጋ መረቅ ያፈሱበታል። አጎቴ መረቁን እያፈሰ ይጀምራል። የስደተኞች መጠለያው አጠገብ ቦይ ነበር፤ ብርዱ ሲጠና ውሃው ጠጥሮ በረዶ ይሆናል፣ የሰፈሩ ሰው ይንሸራተትበታል። አጎቴም በቆዳ ጫማው ወጣበት። መሀል ሲደርስ ከሥሩ ጧ! አለ። እዚህ ላይ ማንኪያውን ገበታው ላይ ያጮኸዋል፤ ዓይኑን አፍጥጦ እጁን እያርገበገበ እንደሚሰምጥ ሰው አየር ይስባል፤ እኔ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ እደርሳለሁ። ስሙ «ያን» የሚባል ሽማግሌ ገበሬ በበረዶው ላይ መሰላል ዘርግቶ ጎተተው፣ ቤቱ ወስዶ በብርድ ልብስ ጠቀለለው፤ ሚስቱም ይህንኑ ምግብ በትልቅ ሳህን አቀረበችለት። «ሕይወት ምን ምን እንደምትል ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ጎመን ጎመን ትላለች» ብሎ ይጨርሳል።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ተናግሬዋለሁ፤ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። አባቴ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ ከበረዶ ውስጥ የወጣ አጎት ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ፣ ጋሽ ሰለሞን ከሆላንድ መጡ። መጠለያው ውስጥ ከአጎቴ ጋር አንድ ክፍል የኖሩ ጓደኛው ናቸው። ፍሌሚንግስቤሪ ሐኪም ቤት የተኛች ዘመድ ሊጠይቁ መምጣታቸውን እናቴ ሰምታ ምሳ ጠራቻቸው። አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲቁነጠነጥ ነበር። ስታምፖት ካልሠራህ ብዬ ሙጭጭ አልኩበት። «ይሁን፤ ግን ዛሬ ተረት የለም፤ እንግዳው ደክሟቸዋል» አለኝ።

ጋሽ ሰለሞን ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ፈገግ ብለው መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አደረጉት። እኔ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ሰለሞን፣ አጎቴ በረዶው ውስጥ ሲወድቅ እርስዎ ነበሩ?»

«ሄለን፣ ምግብሽን ብዪ» አለ አጎቴ።

«የቱ በረዶ?» አሉ ጋሽ ሰለሞን።

ነገርኳቸው። ቆዳ ጫማውን፣ መሰላሉን፣ ሽማግሌውን፤ የሲኞራ ፒያን የእንጨት ማንኪያ ሳይቀር። እንደ አጎቴ ማንኪያዬን ገበታው ላይ አጮህኩት፤ እጄን አርገበገብኩ፤ ሳቄ ቀደመኝ። ከእኔ ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሰለሞን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የሚያዩት እኔን ሳይሆን አጎቴን ነበር።

«ግርማ፣ ወንድሜስ?» አሉ በቀስታ።

አጎቴ የመረቁን ጭልፋ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ሳህን ያጠብኩላትን ሲኞራ ፒያን ውሰዳት። በረዶውንም ውሰደው፤ የወደቅሁት እኔ ብሆንም ግድ የለም፣ ውሰደው። ሳሙኤልን ግን የት አደረስከው? ሁለት ሆነን ነው የገባነው። መሰላሉ የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው።»

«ሶሎ፣ ለልጅ እንዴት አድርጌ...»

«ለልጅማ አይነገርም። እኔም ለልጆቼ አልነገርኩም። የነገርኩት ለአንተ ነው፤ ለአንተ ብቻ።»

ካፖርታቸውን ለበሱ። እናቴን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው አመሰገኑ፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ሳሙኝና «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አሉኝ። በመስኮት ሳያቸው ወደ ባቡሩ ጣቢያ እየሄዱ ነበር፤ ያዳልጠኛል ብሎ እንደሚፈራ ሰው እግራቸውን እያዩ ነው የሚራመዱት።

አጎቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እናቴን ተከትዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

«ታውቂ ነበር?»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች። «የራሱን ታሪክ ቢነግርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር» አለችኝ። «የሰውም ቢሆን፣ ስንት ክረምት ያሳለፍሽበት ተረት ነው።»

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ተናግሬ ተጨበጨበልኝ ብዬ እየሮጥኩ ስገባም ታውቅ ነበር፤ ያን ቀን አቅፋ ስማኛለች።

በማግሥቱ ጾም ገባ። አጎቴ ምስር ሠራ፤ የጣሪያው መብራት እንደበራ በላን። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታ ላዛኛውን ምድጃ ውስጥ ከትቶ፣ ፈራ ተባ እያለ «ሲኞራ ፒያ...» ብሎ ሲጀምር፣ መስማት አልፈልግም አልኩት፤ በስዊድንኛ። እሱ ስዊድንኛው ብዙም አልነበረም፤ ይህንን ግን ገባው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአማርኛ ሲያናግረኝ በስዊድንኛ ነበር የምመልስለት። ሌላ ተረት አልነገረኝም።

አሁን ጡረታ ወጥቶ ሶልና በሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖራል። እሄዳለሁ፤ ያበሰለውን እበላለሁ፤ እጁ እንደ ድሮው ነው። አንድ ጊዜ የራሱን ታሪክ እንዲነግረኝ ለምኜው «ተዪኝ ሄሉዬ» አለኝ፤ ተውኩት። የራሱን ሕይወት አፉ ላይ ማምጣት ያቃተው ሰው የጓደኛውን ለምን እንደወሰደ ዛሬ ይገባኛል። እሱን ይቅር ያልኩት ይመስለኛል።

ከውስጤ ያልወጣው ሳቁ ነው። ያ ሁሉ ክረምት፣ አንድ ወጣት በሰመጠበት ስንጥቅ ላይ እየተንከተከትኩ ስቄአለሁ። እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ያውቃል፤ እያወቀ፣ እጁን እያርገበገበ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አብሮኝ ይስቅ ነበር።