ለአንጀት ክር የመረጥኩት ማግ

የቴኒስ ራኬት መወጠር ያስተማረኝ ሰው የለም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ መቀሌ በዝውውር መጥቼ፣ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ሓወልቲ አካባቢ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለው የቀይ አፈር ሜዳ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ክር በተበጠሰባቸው ቁጥር ራኬታቸውን አዲስ አበባ ሲልኩ አየሁ። አንድ አሮጌ ራኬት ፈታሁ፤ ከእንጨትና ከገበያ ሚዛን ብረት መወጠሪያ ሠራሁ፤ እያበላሸሁ ተማርኩ። አባቴ ሸማኔ ስለነበር ቋሚዎቹን ክሮች ድር፣ በመካከላቸው እየተሹለከለኩ የሚያልፉትን አግዳሚዎች ማግ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሳቁብኝ ደንበኞች አሁን እነሱም እንደዚያው ይላሉ።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሄደው የሚጫወቱ ልጆች ሊመረጡ ሁለት ወር ሲቀር፣ ቀኝ ክርኗን እንደሚያማት ነገረችኝ።

«ክርኑን የሚያመው ክንዱን መዘርጋት የሰነፈ ሰው ነው» አልኳት።

በቤታችን ትኩሳት የሌለው ሕመም አይታመንም ነበር። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እናቷ ግን ውጭ አገር ላለው ወንድሟ፣ ለልጄ አጎት፣ ነገረችው። እሱም ከበሬ አንጀት የተፈተለ ክር ላከላት፤ ለክንድ የሚራራ እሱ ነው ይባላል። ውድ ነውና የላከው ለድሩ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የማጉን ምርጫ ለእኔ ተወው። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ከመንገደኛ እጅ ተቀበልኩ። ቀጭን፣ ወርቅማ፣ በጣት ሲነካ ሕይወት ያለው የሚመስል ነገር ነው።

ልጄ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር።

«አቦይ፣ ማጉ ናይለን ይሁን። ክቡ፣ ለስላሳው። አንጀቱንም አይበላው፣ ክንዴንም አይመታኝ።»

«ማን አለ?»

«ስልኬ ላይ አነበብኩ።»

«አሁን ደግሞ ስልክ ራኬት መወጠር ጀመረ?»

እናቷ ከጓዳ ሰማችን። «ዋይ! አንተስ ማን አስተማረህ? አሮጌ ራኬት አይደል?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በሳጥኔ ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ጥቅል የፖሊስተር ክር ነበረኝ። ከተማውን ለቆ የሄደ ተጫዋች ነው የሰጠኝ። መንገዱም ባንኩም ስልኩም በተዘጋባቸው ዓመታት ከቤታችን ብዙ ነገር አውጥተን ሸጠናል፤ የሠርግ ጫማዬን ጨምሮ። የቴኒስ ክር ግን ማን ይገዛል? ሜዳው ላይ ሣር በቅሎ ነበር። አልፎ አልፎ ጥቅሉን አወጣና «ሰላም ሲሆን ልጄ ትጫወትበታለች» እላለሁ። ያን ማለት እንደ ምግብ ባያጠግብም ሌሊቱን ያሻግር ነበር።

እና ማጉን ከዚያ ጥቅል ቆረጥኩ። ማዕዘን ያለው፣ ደረቅ፣ ዕድሜው የገፋ ፖሊስተር ነበር። ለልጄ ግን የነገርኳት ሌላ ነው። «ለስላሳ ድር ጠንካራ ማግ ይፈልጋል። ሁለቱም ከለሰለሱ ራኬቱ ይልፈሰፈሳል፤ ሰውም እንደዚያው ነው» አልኳት። ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ እንዲህ የሚያቀናጁ ጎበዝ ተጫዋቾች አሉ። ነገር ግን እነሱ ማጋቸው አዲስና ክብ ነው፤ ላላ አድርገውም ይወጥሩታል። እኔ ላላ አላደረግኩትም። ስለ ኳሱም አላሰብኩም። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥኩት በከንቱ እንዳልነበረ ማየት ፈልጌ ነው።

ከመጀመሪያው ልምምድ ስትመለስ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንትም «ጥሩ ነው» አለች። በሦስተኛውም። እኔም ለጎረቤት ሳይቀር ሕመሙ ስንፍና እንደነበረ አወራሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በግቢያችን ልብሷን ስታጥብ በመስኮት አየኋት። እርጥቡን ሹራብ በቧንቧው አንገት ላይ አዞረችው፤ ሁለቱን ጫፍ በግራ እጇ ይዛ ጠመዘዘችው። ቀኝ እጇ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል። ደጋግማ የለመደችው መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዴም አልተሳሳተችም።

ራኬቷን ከማንጠልጠያው አወረድኩ። ድሩና ማጉ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ አንጀቱ ተፍቋል፤ እንደ ፀጉር የሳሱ ቃጫዎች አውጥቷል። የፖሊስተሩ ማዕዘን እንደ መጋዝ ሠርቶበታል። በአውራ ጣቴ ብጫነው ሳንቃ ነው፤ አይሰጥም። እያንዳንዱን ኳስ በክርኗ ስትቀበል ኖራለች።

ወደ ግቢ ወጣሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለች፤ ቀና ሳትል።

ሐኪሙ ጅማቷ ክፉኛ እንደተቆጣ ነገረን፤ ክረምት እስኪገባ ራኬት እንዳትነካ ከለከላት። ምርጫው ያለ እሷ ተካሄደ። ወደ ልጄ አሠልጣኝ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። አከበረኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ፤ ለልጄ ግን ምንም አልጠቀማትም። ክሮቹን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩ። ጥቅሉን ግን እስካሁን አልጣልኩትም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ልጆችን እውነት ተናገሩ እያልን እናሳድጋለን። እኔ ግን በገዛ ቤቴ ልጄ ላይ እውነቱን ውድ አደረግኩባት፤ ሐሰቱን በነፃ ሰጠኋት። አንዲት ቃል፣ «ጥሩ ነው»፣ ከቁጣዬም ከምክሬም ታድናት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ዛሬስ?» አልኳት።

«ደህና ነው።»

«እውነቱን።»

«ብነግርህ ምን ልትለኝ ነው?»

«ምንም አልልም።»

አላመነችኝም፤ ፊቴን እያየች መረመረችኝ። ከዚያ «ከበፊቱ ብሷል» አለች። «ብዕር ስይዝም ያመኛል።»

አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ፤ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት። ዋጥኩት። አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና «የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ» አልኳት።

ጣቷን ክርኗ ላይ አደረገች። ከዚያም ቀስ እያለች ወደ ታች፣ እስከ እጇ አንጓ ድረስ ሳበችው።