ወደ ሞምባሳ በካዛንቺስ በኩል

ቡልጋሪያ፣ ጠዋት

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድንበር ይሻገራል። እኔ ዛሬ ክፍለ ከተማ እንኳ አልተሻገርኩም። ከቂርቆስ ተነስቼ፣ ቂርቆስን ስዞር ውዬ፣ ቂርቆስ ገባሁ። እግሬ ግን አገር አቋርጦ እንደመጣ ሰው አብጧልና ልጽፈው ነው።

የጉዞው ዓላማ ካርድ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ታላቅ እህቴን እትዬ ጥሩወርቅን ይዣት ሞምባሳ ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። እትዬ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም፤ የእኔው ይብሳል፣ ምክንያቱም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ስንቱን ውቅያኖስ በጠመኔ ስያለሁ። የእሷ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የዓይን ግፊት ነው ተብላለች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም ብሎናል። የምታየው ነገር ከዳር ወደ መሐል እየጠበበባት ነው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበራትን ሱቅ የዘጋችው የሚዛኑን ቁጥር ማንበብ ሲያቅታት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው።

ሞምባሳ ያገኘሁት ሆቴል ባሕር የሚያሳይ አንድ ክፍል ብቻ ቀርቶታል። እትዬ ጠዋት ስትነቃ ከአልጋዋ ሳትወርድ ባሕሩን እንድታየው ያንን ክፍል ፈለግኩ። ሆቴሉ ግን ውጭ አገር የሚሠራ የካርድ ቁጥር ዛሬ እስከ ማታ ካልላካችሁ ክፍሉን ለሌላ እንግዳ እሰጣለሁ ብሏል። እኔ ያለኝ ካርድ ደግሞ ከሞያሌ አያልፍም።

ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤታችን ሥር፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ፣ ጡረታዬን የማወጣበት ባንክ ቅርንጫፍ አለው። ደጁን አልፈነው ሄድን። ለምን ቢባል፣ እዚያ ሰው የለኝም። ሠራተኞቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ «ሰው» ማለት ግን ሌላ ነው። ሰው ማለት ሲደወልለት «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይምጡ» የሚል ነው። የእኛ ሰው ሄኖክ ይባላል፤ ካዛንቺስ ስንኖር የግድግዳ ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ ልጅ ነው። በዚሁ ባንክ፣ ሰንጋ ተራ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ሰምቻለሁ።

«እዚሁ ብንጠይቅስ?» አለች እትዬ።

«እዚህ ማን ያውቀናል?»

«ዘበኛው ሰላም አለህ እኮ።»

«ዘበኛ ካርድ አይሰጥም። ነይ ባክሽ።»

እስከ ሜክሲኮ በሚኒባስ ሄድን፤ ለሁለት ሠላሳ ብር። እትዬ ጋቢና ካልሆነ አልሄድም ብላ አንድ ታክሲ አሳለፈችን። ከፊት ስትቀመጥ መንገዱ ይታያታል። እኔ ከኋላ የሰው ጉልበትና የድንች ማዳበሪያ መሐል ተቀረቀርኩ።

ሰንጋ ተራ

አባታችን በሕይወት ሳለ ለዓመት በዓል ቅርጫ በሬ የሚገዛው እዚህ ነበር። አሁን የከብት ሽታ የለም። ኮንዶሚኒየሞቹ ልብስ አስጥተው ቆመዋል፤ ከእነሱ ወዲህ የባንኮቹ መስታወት ፀሐዩን ፊታችን ላይ ይረጨዋል። እትዬ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«አባባ በሬውን ሳይገዛ በፊት ጥርሱን ፈልቅቆ ያይ ነበር» አለች። «እኛ ዛሬ የማንን ጥርስ ነው የምናየው?»

ተፈትሸን ገባን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ሄኖክን ስጠይቃት ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች።

«ተቀይሯል አባቴ። ካዛንቺስ ቅርንጫፍ ነው። ምን ልርዳዎት ነበር?»

«የለም፣ እሱን ነበር የፈለግነው።»

እትዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቷ እኮ ልርዳችሁ ብላለች። እኔ ግን ሰው እያለኝ ለማላውቃት ልጅ ጉዳዬን የምዘረዝርበት ምክንያት አልታየኝም። ሄኖክ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው።

ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ከፎቆቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ተጋቢኖ አዘዝን። ሽሮው ድስቱ ውስጥ እየተንፈቀፈቀ መጣ፤ ለሁለታችን ሦስት መቶ ብር፣ ቃሪያው ያለ ሒሳብ። ለሽሮ ይሄን ያህል መክፈል ድሮ ያስቆጣኝ ነበር፤ ዛሬ የተቆጣሁት ስልኩን በማያነሳው ሄኖክ ላይ ነው። እትዬ እንጀራውን በጣቷ እየዳሰሰች የድስቱን ጠርዝ ፈልጋ አገኘች። እያየኋት እንዳልሆነ ለማስመሰል ቃሪያ ነከስኩ፤ እሱም አቃጠለኝ።

«ቢቀርብህስ?» አለች። «ባሕር የማያሳየውን ክፍል ብንይዝ ምን አለበት?»

«አይሆንም። ባሕር የሚያሳየውን ነው የምንይዘው።»

«አቤት ግትርነት! አባባን ቁርጥ።»

ካዛንቺስ

ታክሲው በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ አሁንም ጋቢና ናት። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ መጥታ አታውቅም። የሚያውቋት ሁሉ ዳር ዳር ወጥተው፣ ማን ጋ ትመጣለች? እኔ በታክሲ አልፌበት አውቃለሁ፣ ግን ወርጄ አልሄድኩም። «ወራጅ አለ!» አልኩና ድሮ የምንወርድበት ይመስለኛል ባልኩት ቦታ ወረድን።

መንገዱ ሰፊ ነው። ንጣፉ ገና አዲስ ነው፤ የብስክሌት መስመር አለው፣ የመብራት ምሰሶዎቹ በመደዳ ቆመዋል፣ የተተከለው ሣር ውኃ ይጠጣል። ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ፣ ጠባቦቹ መግቢያዎች፣ ሥጋ ቤቶቹ ከነቀይ መብራታቸው የሉም። ባዶው ቦታ በአጥር ተከልሏል። እውነት ለመናገር ያምራል፤ የት እንደቆምኩ ግን አላወቅኩም።

እትዬ ጥቂት ሄደችና ቆመች። አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«ደረጄ።»

«አቤት።»

«ወፍጮ ቤቱ የት አለ?»

መልስ ሳልሰጣት እጄን ያዘችኝ።

«እንግዲህ ዓይኔ ጨርሶ ሄደ ማለት ነው። ቀስ ይላል ብሎን አልነበረም እንዴ ሐኪሙ? ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ነበር፤ ምንም አይታየኝም!»

ደነገጥኩ። ይሄን ቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር፤ በዜና የሰማችው ይበቃል ብዬ ነው።

«አይደለም እትዬ። የሄደው ወፍጮ ቤቱ ነው። ፈርሷል።»

«የኛስ ግቢ?»

«እሱም የለም። ሁሉም የለም። እኔም የት እንደቆምን አላውቅም።»

«ሙች በለኝ።»

«ሙች።»

«ተመስገን!» አለችና ከልቧ ሳቀች። በእንባዋ ጭምር ነው የሳቀችው። «ተመስገን ጌታዬ፣ ዓይኔ መስሎኝ ነበር እኮ!»

ጥቂት እንደሄድን ግን ሳቋን ተወችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ተመስገን ማለቴ ነውር ነው አይደል? ያ ሁሉ ሰው ተወልዶ ያደገበትን ለቆ ወጥቶ።»

ነውር ነውም፣ አይደለምም። ክንዷን ይዤ ባንኩን ፈለግን።

ሄኖክን አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት አገኘነው፤ ክራባት አስሯል፣ ሸንቀጥ ብሏል።

«ውይ ጋሼ ደረጄ! እትዬ ጥሩዬ! ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ስንደውል መቼ ታነሳለህ?»

«ሚቲንግ ላይ ነበርኩ፣ ይቅርታ በእናታችሁ።»

ሻይ አስመጣልን፤ ጉዳዩን ነገርኩት። ሁለት ካርዶች ለናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ።

«ዱቤ ነው እንዴ?» አለች እትዬ። በሱቋ ዘመን «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ከሚዛኑ በላይ ለጥፋ ነው የኖረችው።

«አይደለም እትዬ፤ አስቀድመው የሚሞሉት ነው። ወርቃማው፣ ማለቴ፣ ፕሪሚየም ነው። ውጭ አገር በከፈሉ ቁጥር ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም በቃ፣ የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። ዓመታዊ ክፍያ አለው። ሰማያዊው ኖርማል ነው፤ ነጥብ የለውም፣ ዓመታዊ ክፍያም የለውም። ውጭ ሲከፍሉበት የሚቆርጠውም ያነሰ ነው።»

ዓይኔ ወርቃማው ላይ ቀረ። ስንበላም ስንተኛም ነጥብ! በልቤ ሁለተኛውን ጉዞ ጀምሬ፣ ዛንዚባር ደርሼ ነበር።

«ነጥብ ያልከው ገብቶኛል፣ ምራቂ ነው» አለች እትዬ። ሱቅ ሳለች ስኳሩን መዝና ስታበቃ አንድ ጭልፋ ጣል ታደርግ ነበር፤ ሳይጣልለት ከደጇ ንቅንቅ የሚል ደንበኛ አልነበረም። «ምራቂውን መቼ ነው የምትሰጡት?»

«ሲጠራቀም ነዋ። እንደ አወጣጣችሁ ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

«ዓመት? ምራቂ እኮ ዕቃው ሚዛኑ ላይ እንዳለ ነው የሚጣለው! ስኳሩን ዛሬ ግዛና ምራቂውን ለከርሞ ና ይባላል? በል ትንሽ አስቀድመህ ጣል አድርግልን፤ የጎረቤት ልጅ አይደለህ እንዴ?»

«ሲስተሙ አይፈቅድም፣ እትዬ።»

«ጠይቀው እስቲ።»

ሄኖክ ሳቀ፤ በሚቀጥለው መስኮት ያለችውም ሳቀች። እኔ ብቻ አፈርኩ።

«እትዬ፣ ነጥቡ እኮ ለሚቀጥለው ጉዞ ነው» አልኳት።

«ለሚቀጥለው ጉዞ እኔ ምን አያለሁ ብለህ ነው?»

የሽንኩርት ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለችው፤ አልተማረረችም፣ ድምፅዋም አልተሰበረም። ሄኖክ ሳቁን ዋጠ። እሷ አንዱን ባሕር ለማየት ትጣደፋለች፣ እኔ ሁለተኛውን እቆጥራለሁ። በራሴ ተናደድኩ።

«ሰማያዊውን ስጠን» አልኩት።

ሄኖክ ኮምፒውተሩን አየና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ሒሳብዎ ቡልጋሪያ ቅርንጫፍ ነው እኮ። ካርዱ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ፓስፖርትና ትኬት ከያዙ ወዲያው ይሰጡዎታል። ሰው ምናምን አያስፈልገውም።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘበኛው ሰላም ብሎህ ነበር» አለች።

ተመልሰን ቡልጋሪያ

ባንክ ሊዘጋ ጥቂት ነው የቀረው፤ የታክሲው ሰልፍ ግን ይዞራል። ኮንትራት ያዝን። ሾፌሩ የተናገረውን ዋጋ፣ ጠዋት የባንኩን ደጅ አልፌ ለመሄዴ ቅጣት ነው ብዬ ሳልጨቃጨቅ ከፈልኩ። መንገድ ሙሉ የሆቴሉ ክፍል በዓይኔ ላይ ዞረ፤ አንድ የማላውቀው ሰው ሻንጣውን ጎትቶ ሲገባበት፣ መጋረጃውን ሲገልጥ፣ ባሕሩን በእትዬ ፈንታ ሲያየው። ሾፌሩን «ቶሎ በል ወንድሜ» እያልኩ አሰለቸሁት።

ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊገጥም እጁን ሰዶ ነበር። አየንና መልሶ ከፈተው፤ እትዬን በክንዷ ይዞ ደረጃውን አወጣት። ውስጥ ያለችው ልጅ ስሜን ጠርታ «ዛሬ ደግሞ የጡረታ ቀን አይደለም፣ ምን እግር ጣለዎት ጋሼ?» አለችኝ። ለካ ታውቀኛለች። ፓስፖርቱን አየች፣ ትኬቱን አየች፤ ሰንጋ ተራ ላይ ተጋቢኖው እስኪመጣ በጠበቅነው ጊዜ ውስጥ ካርዱ እጄ ገባ።

ቁጥሩን እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ለሆቴሉ ላክሁ። ቤት ደርሰን ጫማዬን ሳወልቅ መልሱ መጣ፤ ክፍሉ የእኛ ነው።

ቤት

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ሰው ከመፈለግ በፊት ደጅህን አንኳኳ እላለሁ። ግን ነገ ሌላ ጉዳይ ቢገጥመኝ እንደገና «እዚያ ሰው አለን?» ብዬ መጀመሬ አይቀርም፤ አመል ነው። ካዛንቺስ መሄዳችን ደግሞ አልቆጨኝም። እትዬ ዓይኗ ገና እንዳልሄደ ያወቀችው እዚያ ነው።

ራታችንን በልተን ተቀምጠናል። ካርዱን ተቀብላኝ ጎላ ጎላ ያሉትን ቁጥሮች በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች።

«የወርቁን መውሰድ ነበረብህ» አለች።

«ለሚቀጥለው ጉዞ ምን አያለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«አልኩ። ከፍቶኝ ነዋ! አንተ ደግሞ ወዲያው አመንከኝ። አይዞሽ፣ ምን ታሟርቻለሽ ብለህ ትቆጣኛለህ ስል፣ ሰማያዊውን ስጠን አልክ። ሰው እህቱን እንዲህ ነው የሚያጽናናው?»

ካርዱን ጉልበቷ ላይ አገላበጠችው።

«ዓይኔ ቢሄድ ጆሮዬ የት ይሄዳል? ባሕር ድምፅ የለውም?»

«አለው ይላሉ።»

«ይላሉ? ስንቱን ልጅ አስተምረህ?»

«አልሰማሁትማ፣ እትዬ።»

«ሄደን እንሰማዋለና» አለችና ካርዱን መለሰችልኝ። «አንዱን በዓይናችን፣ ሌላውን በጆሯችን።»

ነገ ጠዋት ወደ ታች ወርጄ፣ ለማንም ሳልደውል፣ ስለ ወርቃማው ካርድ እጠይቃለሁ።