ሠላሳ ፍሬ ፍለጋ፣ ከወልድያ መርሳ በእግር

ከወልድያ የወጣሁት በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ ሦስት ኪኒን ብቻ ቀርቶታል። አባቴ ሰይድ ከአምስት ወር በፊት ልቡን ታሞ አዲስ አበባ ተወስዶ፣ በተዘጋው የልብ የደም ሥሩ ውስጥ ሽቦ ገብቶለት ነው የተረፈው። ሐኪሙ ሲያሰናብተን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አዘዘለት። «ዓመት እስኪሞላው አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል። ደም ከረጋ ሽቦው ይዘጋል፤ ያኔ እዚህ ለመድረስም ጊዜ አታገኙም» አለን።

ከዚያ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ስልክ የለ፣ ባንክ የለ፣ መኪና የለ። አስፕሪኑን ከጎረቤት አገኘን። ክሎፒዶግሬልን ግን የጠየቅኳቸው ሁሉ ስሙንም አያውቁትም፤ ፋርማሲዎቹም ባዶ መደርደሪያ ሆነዋል። የቀረን ተስፋ መርሳ ላይ ፋርማሲ የነበረው ዘመዳችን እንድሪስ ነው። አባቴ ደብዳቤ ጽፎ አጥፎ ሰጠኝ። ምን እንደጻፈ ሳላነብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሞኝነቴ ከዚህ ይጀምራል።

ረፋድ፣ ወደ ሲሪንቃ

ያ መኪና የማይጠፋበት አስፋልት የእግረኛና የአህያ ሆኗል። ግራና ቀኙ ማሽላው አሽቷል፤ የሚጠብቀው ግን አልነበረም፣ ወፉ እንደልቡ ይበላል። ማገዶ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አብረውኝ ተጓዙ።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ አባባ። ለአባቴ መድኃኒት ፍለጋ መርሳ ልሄድ ነው።»

«አላህ ያሽርልሽ። ከሲሪንቃ ወዲያ ኬላ አለ። ሲጠይቁሽ መልስሽን አሳጥሪ። ዓይን ዓይናቸውን አትይ፤ መሬት መሬትም አትይ፣ የደበቀችው አለ ይላሉ።»

«ታዲያ የት ልይ?»

«እስኪ አህያዬን እያየሽ ተለማመጂ» አሉኝ። ሳቅን። ሲሪንቃ ላይ እሳቸው ወደ ሰፈራቸው ተገነጠሉ፤ ሳቄም እዚያው ቀረ።

ስድስት ሰዓት፣ ኬላው

ገመድ መንገዱ ላይ ተወጥሯል። አንዱ ታጣቂ ቦርሳዬን ዘርግፎ ደብዳቤውን አገኘና ጮክ ብሎ አነበበው። «ለልጄ ለእንድሪስ። ሽቦው እንዳይዘጋ ሠላሳ ፍሬ በዘሀራ እጅ ላክልኝ። ካነሰም ያለህን ያህል። አደራ፣ ሰው እንዳይሰማ።»

እኛ አገር ኪኒንም በፍሬ ይቆጠራል፣ ጥይትም በፍሬ ይቆጠራል። አባቴ ይህንን እንዴት አላሰበም!

ጥላ ሥር ተቀምጦ የነበረው አዛዣቸው መጣ። «ፍሬው የምን መሣሪያ ነው?»

«የመሣሪያ አይደለም። ኪኒን ነው፣ የአባቴ።»

«ሽቦውስ የት ነው የተዘረጋው?»

«ልቡ ውስጥ» አልኩ። ታጣቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አዛዡ አልሳቀም።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ላብ ጀርባዬን ሲወርድ ብቻ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርኩት የሐኪም ወረቀት ትዝ አለኝና አብሮት ከነበረው ባዶ የኪኒን እሽግ ጋር ለአዛዡ ሰጠሁት። ማኅተሙን አገላብጦ አየ።

«ጥሩ መድኃኒት ከሆነ ለቁስለኞቻችንም ይሆናል። ይህ እንድሪስ የት ነው ያለው?»

«ደም የሚያቀጥን ነው። ቁስለኛ ከዋጠው ደሙ አይቆምም» አልኩት። እውነቴን ነበር፣ ድምፄ ግን እንደ ውሸታም ተንቀጠቀጠ። «እንድሪስ ያለበትን አላውቅም» አልኩ ቀጥዬ። ይህኛው ውሸት ነበር፣ ሳልንተባተብ ወጣ። ደብዳቤውን ቀዳደደና «ስትመለሺም በዚሁ ነው የምታልፊው» ብሎ ለቀቀኝ።

መርሳ

የመርሳ ገበያ ሳስቷል። ፓፓያው ተከምሮ የሚገዛው የለም፤ አንድ ጣሳ ጨው መቶ ብር ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የእንድሪስ ፋርማሲ በሩ ተገንጥሏል። እሱን ያገኘሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እናቱ ቤት ነው። ጎተራው ውስጥ ክንዱን እስከ ብብቱ ከትቶ፣ ከማሽላው ሥር አንድ ፌስታል አወጣ።

«አርባ ፍሬ ነው ያተረፍኩት» አለኝ። «ወላሂ ሁሉንም ብሰጥሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እዚህም ሽቦ የገባላቸው አንዲት እናት አሉ።»

አርባውንም ስጠኝ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ሴትዮዋን አላውቃቸውም፣ አባቴን አውቀዋለሁ። አፈርኩና እጄን ዘረጋሁ። ሃያ ሰጠኝ፣ ሻሼ ውስጥ ቋጠርኩት።

ረቡዕ ተኩስ ስለነበር እዚያው ዋልኩ። ሐሙስ ስመለስ ኬላው ላይ አዛዡ አልነበረም። ደብዳቤውን ያነበበው ታጣቂ ከሩቅ አወቀኝ። «ባለ ፍሬዋ መጣች!» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። እስከ ሲሪንቃ ዞር ብዬ አላየሁም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት፣ ቤት

አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ ኪኒኑን ላስቀምጥ ወደ መስኮቱ ስሄድ፣ ትቼለት የሄድኩት ሦስት ፍሬ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። የማክሰኞው፣ የረቡዕው፣ የሐሙሱ።

«አባዬ! ምን ነካህ? ሐኪሙ አንድ ቀን አትዝለል አላለህም?»

«ብሏል።»

«ታዲያስ?»

«አንቺ ካልተመለስሽ ለምን ብዬ ነው የምውጠው?» አለኝ።

ተናደድኩ። አለቀስኩም። አደጋው መንገድ ላይ ነው ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስፈራ፣ ለካ እቤት ነበር የተቀመጠው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ መድኃኒት ማምጣት ግማሽ ሥራ ነው፣ የሚውጠው ሰው መኖር መፈለግ አለበት።

ውሃ ቀዳሁ፣ አንዱን ፍሬ መዳፉ ላይ አኖርኩ፣ እስኪውጥ ፊቱ ቆምኩ።

«አፍህን ክፈት» አልኩት። ከፈተ።