አባቴ የመቱት ፑሊ

አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የሞላሌ ዙሪያ ገበሬ ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበልና ጀርባቸውን ሲያዞሩ «ቡዳ» ይላቸዋል። መንግሥት ተለውጦ ካድሬው በስብሰባ «ባለ እጅን መስደብ ክልክል ነው» ሲል ሁሉም አጨበጨበ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ልጁን ከእኛ ዓይን መሸሸጉን አልተወም። ኧረ ወዲያ! ጭብጨባ ምን ያደርጋል?

ከተማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሬ በተመለስሁበት ዓመት የወፍጮ ቤቱ ፑሊ ተሰነጠቀ፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርበት ትልቁ ብረት ነው። ሽማግሌዎቹ አሸክመው እኛ ደጅ አመጡት። «አንተ ቀጥቃጭ» ሲሏቸው የኖሩ ሰዎች ያን ዕለት አባቴን «አንቱ» ብለው ለመኗቸው። አባቴ ከተሳካላቸው እንደ ሰው ሊቆጠሩ ነው።

«በእሳት አግዬ፣ ቀጥቅጬ እገጥመዋለሁ» አሉ።

ስንጥቁን አየሁት፤ ውስጡ ግራጫ ነው። ጊዛ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ሸክም ይችላል፣ የሞተር ንዝረት ይውጣል፣ ፍትጊያም አይፈራም፤ መዶሻ ግን አይችልም። እንደ ማረሻ ብረት አይሳብም፣ ይፈረካከሳል። ዙሪያውን በብረት ቀለበት ቢታሰር ለጊዜው ይሠራ ነበር፤ ቀለበት ደግሞ ከአባቴ አብልጦ የሚሠራ ማን ነበር?

አልተናገርሁም። አባትን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ብዬ ዋጥሁት። ምላሴ ይቆረጥ! ጠጋ ብዬ ሁለት ቃል ባንሾካሹክላቸው ምን ነበረበት?

ፍም እስኪመስል አጋሉት። በሦስተኛው ምት ፑሊው እንደ ገል ተበታተነ። «ብረቱ ነው» ያለ አንድ ሰው የለም። አንዱ ሽማግሌ አማተቡና «ዓይኑ ነው የበላው» አሉ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወጡ።

አባቴ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ቀና ሳይሉ «እንዲህ ያለ ብረት ትምህርት ቤት አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባባ።»

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «እንግዲያ የተማረው ካላወቀው እኔ በምን ልወቀው» አሉ።

ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ፤ እናቴን ምንጭ ላይ ሲያገኟት እንስራቸውን አንስተው ዘወር ይላሉ። ማረሻ የሚያመጣውም ሰው እየቀረ ሄደ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም «ልጄ እንኳ አላወቀውም» ይሉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «እውነታቸውን ነው» እል ነበር።